ያልታረመ ዜና አይታመንም፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከልዩ ልዩ ሰዎች የመጡ ናቸው፤ ከመንግሥት ሠራተኛ፣ ከመምህር፣ ከጋዜጠኝነት ተማሪ፣ ከነጋዴ፣ ባሕር ማዶ ከሚኖር ወገን። የሁሉም ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ የምንሰማውንና የምናነበውን ማመን ለምን አቃተን? አቋማችን ከወዲሁ ይታወቅ። አመኔታ በልመናም በመፈክርም አይገኝም። የሚገኘው አንባቢው ራሱ ሊፈትሸው ከሚችለው ነገር ነው፤ ስሙ ከተጠቀሰ ምንጭ፣ በይፋ ከታረመ ስህተት፣ በጽሑፍ ከተሰጠ መልስ። መልሶቻችን በአሠራር ላይ ያተኮሩትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ፕሬሱ ነፃ ወጣ ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። በ2013 ደግሞ አዲስ የሚዲያ ሕግ ወጣ። ዛሬ ግን ጋዜጠኛ መታሰሩን እንሰማለን፣ ሰዉም የሚሰማውን አያምንም። ሕጉ ጥሩ ከሆነ ምን ጎደለ? (የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ የያኔው ደስታዎ መሠረት ነበረው። ድንበር የለሽ የጋዜጠኞች ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው የፕሬስ ነፃነት ደረጃ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ180 አገሮች 150ኛ ነበረች። በ2019 ወደ 110ኛ፣ በ2020 ወደ 99ኛ ከፍ አለች። የጋዜጠኞችን መብት የሚከታተለው ሲፒጄ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ባደረገው ቆጠራ በሥራው ምክንያት የታሰረ አንድም ጋዜጠኛ በኢትዮጵያ አላገኘም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት አልነበረም። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የዓለም ፕሬስ ነፃነት ቀን ዋናው ክብረ በዓል አዲስ አበባ ላይ ተከበረ፤ መሪ ሐሳቡም ሚዲያ ለዴሞክራሲና በምርጫ ወቅት ያለው ድርሻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 አገሪቱ 145ኛ ላይ ነበረች። ሊወጣ የተቻለው ዳገት ከሞላ ጎደል ተመልሶ ተወረደ ማለት ነው።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በወረቀት ላይ ከቀደሙት ይሻላል። በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል ማስጠየቁን አስቀርቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ብቻ አደረገው። በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ የተከሰሰ ሰውም ለተጨማሪ ምርመራ በሚል ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠየቅበት በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደነገገ። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ጉዳዩ በሚዲያ የተፈጸመ ወንጀል ተብሎ ሲያዝ ነው። ፖሊስ ጋዜጠኛውን በሽብር ወይም ሁከት በማነሳሳት ጠረጠርኩት ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ይገባና የ14 ቀን ቀጠሮ ይጠየቅበታል፤ ከዚያም ሌላ 14 ቀን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ እሱም ይቀራል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ከታወጀው በኋላ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ በአዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ለወራት የተያዙ ጋዜጠኞች ነበሩ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚዲያውን አዋጅ አሻሽሎ ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንን ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቦርድ አንሥቶ ለባለሥልጣኑ ራሱ ሰጠ። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቆጣጠረውም፣ የሚነጥቀውም አንድ መሥሪያ ቤት ሲሆን አርታኢው ከእያንዳንዱ ዜና በፊት ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

አንባቢው ላይ የሚደርሰው ጉዳት በቀጥታ አይታይም። የታሰረውን ጋዜጠኛ ዜና እንሰማለን፤ በፍርሃት ሳይጻፍ የቀረውን ዜና ግን ማንም አያየውም። የቀረ ነገር እንዳለ የጠረጠረ አንባቢ ደግሞ የተጻፈውንም መጠርጠር ይጀምራል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የተባለው ምክንያት ጥላቻና ሐሰት እንዳይሰራጭ ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ግን የሚያጣራው ጋዜጠኛም አብሮ ነው የሚዘጋው፤ ወሬው በስልክና በአፍ ይቀጥላል፣ የሚያስተባብለው ብቻ ይጠፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልንም የፕሬስ ነፃነት አካል አድርጎታል። የጎደለው የሕግ ቃል አይደለም፤ ሕጉን ለሚጥስ ባለሥልጣን ዋጋ የሚያስከፍል ተቋም ነው።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ውስጥ በየሳምንቱ በቴሌግራም «ደብዳቤ ወጣ» ይባላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ሐሰት ነው ይባላል። እንዴት ልለይ? (መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማኅተሙን ነው፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ የሚሠራውም ይህን ስለሚያውቅ አብዝቶ የሚደክመው እሱ ላይ ነው። እርስዎ ከላይ ይጀምሩ። ቀኑና ቁጥሩ የተጻፉበት ፊደል ከደብዳቤው ሐተታ ፊደል ጋር አንድ ነው? ብዙ ጊዜ እውነተኛ የቆየ ደብዳቤ ተወስዶ ቀኑና መካከሉ ብቻ ስለሚቀየር የፊደሉ ውፍረት ወይም መስመሩ ይዛነፋል። ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ያመሳክሩ። እሑድ ላይ ይውላል? ጳጉሜን 6 ቀን 2017 ተብሎ ቢጻፍ እንዲህ ያለ ቀን ጨርሶ የለም፤ የ2017 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች። ቀጥሎ ከዚያው መሥሪያ ቤት የወጣ፣ እውነተኛነቱን የሚያውቁትን ሌላ ደብዳቤ ያውጡና የቁጥሩን አጻጻፍ ያነጻጽሩ። እያንዳንዱ መዝገብ ቤት የራሱ አሠራር አለው፤ የክፍሉ ምልክት፣ የተራ ቁጥሩ፣ የዘመኑ ቦታ። ይህን አጥንቶ የሚያስመስል ጥቂት ነው። የፈራሚውን ስምና ማዕረግም ይዩ፤ ከተነሣ ስድስት ወር ያለፈው ኃላፊ ፈርሞ ከተገኘ ነገሩ አበቃ።

ማኅተሙን በመጨረሻ ይመልከቱት። በእጅ የተመታ ማኅተም ቀለሙ እኩል አይሆንም፤ አንዱ ጎን ይደምቃል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ፊርማው ላይ ሲያርፍም ሁለቱ ቀለሞች ይደራረባሉ። ከሌላ ደብዳቤ ተቆርጦ የተለጠፈ ማኅተም ሲያጎሉት ዙሪያው ነጭ ጠርዝ ያሳያል፤ ወይም ከዚህ በፊት ካዩት ደብዳቤ ጋር በዘንበሉም በስብራቱም አንድ ይሆናል። ሆኖም ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ዛሬ እውነተኛ ደብዳቤም በኮምፒውተር ማኅተም ሊወጣ ይችላል። ወሳኙ እርምጃ ስልክ መደወል ነው። በደብዳቤው ግርጌ ባለው ቁጥር አይደውሉ፤ እሱም ሊቀየር ይችላል። ቀድሞ በሚያውቁት የመሥሪያ ቤቱ መስመር ደውለው መዝገብ ቤት ያገናኙዎትና «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የወጣ ደብዳቤ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

ስለ ፎቶ ደግሞ፦ ምስሉን በጎግል ሌንስ (በምስል መፈለጊያው) ይፈልጉትና ከሚመጡት ውስጥ የመጀመሪያውን ሳይሆን ቀኑ የቀደመውን ይክፈቱ። ምስሉ ላይ ጽሑፍ ከተለጠፈ ፍለጋው ጽሑፉን ተከትሎ ስለሚሄድ መጀመሪያ ይከርክሙት። ቪዲዮ ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ስክሪንሾት ወስደው እያንዳንዱን ይፈልጉ፤ አንዱ ካልያዘ ሌላው ይይዛል። ፎቶው መቼና በምን ካሜራ እንደተነሣ የሚያሳየውን ድብቅ መረጃ ግን ቴሌግራም ምስሉን ሲያሳንስ ስለሚያጠፋው እዚያ ላይ ጊዜዎን አያባክኑ። ካላረጋገጡ አያስተላልፉ። ሠላሳ መምህራን ያሉበት ቡድን ውስጥ የገባ ሐሰት በአንድ ምሽት ስንት ወላጅ ቤት እንደሚደርስ እርስዎ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከከተማ አስተዳደሩ የአንድ መንገድ ፕሮጀክት ወጪ ጠይቄ «ከምትሠሪበት ድርጅት ደብዳቤ አምጪ»፣ «ኃላፊው የሉም»፣ «ሰኞ ነይ» እየተባልኩ አንድ ወር አለፈኝ። መብቴ ምን ድረስ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ያጋጠመሽ የብዙ ጋዜጠኞች የየዕለት ኑሮ ስለሆነ ይህችን መልስ ሰፋ እናደርጋታለን።

መረጃ የመጠየቅ መብት የጋዜጠኛ ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። የሚዲያውን ክፍል አዲሱ አዋጅ ቢተካውም መረጃ የማግኘት ክፍሉ አሁንም ይሠራል። ስለዚህ የድርጅት ደብዳቤ አምጪ ማለት ከሕጉ ውጭ ነው፤ ለምን እንደፈለግሽው እንድታስረጂም ልትገደጂ አይገባም። አንቺን የጎዳሽ ግን ጥያቄሽ በቃል መሆኑ ይመስለናል። በሕጉ የቃል ጥያቄም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን በኋላ «አልጠየቀችንም» ቢሉሽ የምታሳዪው ነገር የለሽም።

በሁለት ቅጂ ጻፊው። አጭር ይሁን፤ እንዲህ ብሎ ይጀምር፦ «ለ… ከተማ አስተዳደር ሕዝብ ግንኙነት ክፍል። ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በ2016 በጀት ዓመት በ… ቀበሌ ለተሠራው የጠጠር መንገድ፦ የተፈረመውን ውል ቅጂ፣ እስከ ርክክብ ቀን ድረስ ለሥራ ተቋራጩ የተፈጸሙ ክፍያዎችን ዝርዝር፣ እና የርክክብ ቃለ ጉባኤውን ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከተጠየቀው ውስጥ በሕግ የማይሰጥ ክፍል ካለ እሱ ተሸፍኖ ቀሪው እንዲሰጠኝ፣ የማይሰጥበትም ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ከታች ስምሽን፣ ስልክሽንና ፊርማሽን አኑሪ።

እያንዳንዱን ሰነድ በስሙ መጥራትሽ ዋናው ነገር ነው። «ስለ መንገዱ መረጃ» ብለሽ የጠየቅሽ እንደሆነ የሚሰጥሽ የሕዝብ ግንኙነት መጽሔት ነው። «ለምን ዘገየ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ደግሞ መረጃ ሳይሆን አስተያየት ጠየቅሽ ማለት ነው፤ እሱ ለቃለ መጠይቅ ይቆይ። ውል፣ የክፍያ ሰነድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርት፤ እነዚህ በፋይል ውስጥ በእርግጥ የሚገኙ ወረቀቶች ስለሆኑ የለም ማለት ይከብዳል።

አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት አስገቢ፤ በእጅሽ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቺበት። ይህች ማኅተም ከጠቅላላው ሥራሽ የበለጠ ዋጋ አላት፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ቀኑ ካለፈ ቅሬታሽን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቅርቢ፤ እሱም ማኅተም ይመታበት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ የዚህን ሕግ አፈጻጸም እንዲከታተል ሥልጣን የተሰጠው እሱ ነው። ከእሱም ቀጥሎ ፍርድ ቤት አለ። ወደ እንባ ጠባቂ ስትሄጂ የመጀመሪያውን ማመልከቻ፣ የቅሬታውን ቅጂና የተሰጠሽን መልስ ሁሉ አያይዢ። መልስ ካልተሰጠሽም አለመሰጠቱን በቀን ጠቅሰሽ ጻፊ።

የማይሰጡ መረጃዎች እንዳሉም እወቂ፦ የግለሰብ የግል ጉዳይ፣ የአገር ደኅንነት፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር፣ በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይ። በግብር ከፋይ ገንዘብ የተፈረመ የመንገድ ውል ጠቅላላ ዋጋ ግን ምስጢር ነው የሚያሰኝ ምክንያት አይታየንም።

በመጨረሻም ከለከሉሽ እንበል። ክልከላውን ራሱን ጻፊው። «ውሉን ለማየት በዚህ ቀን በጽሑፍ ጠይቀን፣ በ30 ቀን ውስጥ መልስ አላገኘንም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለአንባቢ ሁለት ነገር ትነግረዋለች፤ ጋዜጠኛዋ ሥራዋን እንደሠራች፣ መሥሪያ ቤቱም እንዳልሠራ። አሁን በአብዛኛው የምናነበው «ለማነጋገር ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚለውን ነው። ስንት ጊዜ ተደወለ? ለማን? መቼ? ይህ ሳይጻፍ ሲቀር አንባቢ እንደ ሰበብ ነው የሚቆጥረው፤ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ አንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የዱቄት ፋብሪካዬ እንደታሸገ ዘገበ። የታሸገው ስሙ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ፋብሪካ ነው። ደንበኞቼ ሸሹ። ክስ ከመመሥረቴ በፊት ምን ላድርግ? (ነጋዴ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ዘገባው የተላለፈበትን ቀን፣ ሰዓትና የፕሮግራሙን ስም ይመዝግቡ። ድምፁን ያግኙ፤ ብዙ ጣቢያዎች በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ ይጭኑታል፣ ግን ቅሬታ ሲሰሙ ሊያነሡት ስለሚችሉ ዛሬውኑ ያውርዱት። ከዚያ ለጣቢያው ዋና አዘጋጅ በጽሑፍ ያመልክቱ። ስለ ክብርዎና ስለ ድካምዎ ብዙ አይጻፉ፤ ሦስት ነገር ይበቃል፦ የተባለው ቃል በቃል፣ ትክክለኛው፣ ማስረጃው። የንግድ ፈቃድዎን ቅጂና እሸጋውን ካካሄደው መሥሪያ ቤት ፋብሪካዎ አለመታሸጉን የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዙ። የሚጠይቁትም ግልጽ ይሁን፤ እርማቱ በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት፣ በመጀመሪያው ዜና ቦታ እንዲነበብ። ዘገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና ላይ ሆኖ እርማቱ እኩለ ሌሊት ላይ ቢነበብ ደንበኛዎ አይሰማውም። መልስ የመስጠት መብት በሕግ የታወቀ ነው፤ ጣቢያው እንደ ውለታ ሊቆጥረው አይገባም።

እርማቱ እንዴት እንደሚጻፍ ለጣቢያዎችም ለመናገር እንወዳለን፤ አመኔታ የሚሠራው ወይም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ እርማት ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ ምሽት በዜናችን … የዱቄት ፋብሪካ ታሽጓል ብለን ዘግበናል። ይህ ስህተት ነው። የታሸገው በስም የሚቀራረብ ሌላ ድርጅት ነው። ስህተቱ የተፈጠረው የድርጅቱን ሙሉ ስም ከእሸጋ ትእዛዙ ጋር ስላላመሳከርን ነው። ባለቤቱን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ምን እንደተባለ፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተሳሳተ። እኛ አገር የተለመደው ግን ዜናውን ከፌስቡክ ገጹ ላይ ዝም ብሎ ማጥፋት ወይም «ለተፈጠረው ክፍተት» ብሎ ማለፍ ነው። ስክሪንሾቱ ቀድሞ ተሰራጭቷል፤ የጠፋውን ያየ ሰው ጣቢያው ፈርቶ አጠፋው ወይስ ውሸት ነበር እያለ ይቀራል። ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ዜናውን አታጥፉት፤ አስተካክላችሁ ከላይ ቀኑን ጠቅሳችሁ ምን እንደተለወጠ ጻፉ።

ጣቢያው ካልሰማዎት ለመገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል፤ ክርክሩን ከፍርድ ቤት በፊት በሙያ ዓይን የሚያይ የራስ በራስ መቆጣጠሪያ አካል ነው። ክስ ካስፈለገ የፍትሐ ብሔር ይሁን። ጉዳትዎን የሚያሳዩት በሽያጭ ደረሰኝና በተሰረዙ ትእዛዞች ስለሆነ ከወዲሁ ያደራጁ።

ጥያቄ፦ ሪፖርተር ነኝ። ለስብሰባ ዘገባ ስንሄድ አዘጋጁ አበል ይሰጠናል። ደመወዛችን ትንሽ ነው። ይህ ጉቦ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከዘገቡት ሰው እጅ የሚወሰድ ገንዘብ ዘገባውን ይገዛል፤ ሌላ ስም ብንሰጠው ማታለል ይሆናል። ጥፋቱ ግን በዋናነት የሪፖርተሩ አይደለም። የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ መሸፈን ያለበት ሚዲያው ነው፤ ሚዲያው በአዘጋጁ ኪስ ሲተዳደር የዜናው ሰዓት በስብሰባ ይሞላል፤ እገሌ አስገነዘቡ፣ እገሌ አሳሰቡ። ከከተማ ውጭ በአዘጋጁ መኪና መሄድ ግዴታ ከሆነ ዘገባው ላይ ይገለጽ። የተገዛ የአየር ሰዓትም እንዲሁ፤ በስፖንሰር የቀረበ ፕሮግራም ሲጀምርም ሲያልቅም ስፖንሰሩ ይነገር። አድማጭ ማስታወቂያን አይጠላም፤ የሚጠላው ዜና መስሎት የሰማው ማስታወቂያ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ በአሜሪካ የሚሠራ የዩቲዩብ ቻናል ስሜን ጠቅሶ የዕድር ገንዘብ በላ አለ። አዲስ አበባ ልክሰስ ወይስ እዚህ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እዚያው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በውጭ አገር የተሰጠ የስም ማጥፋት ፍርድ የአሜሪካን ያህል የመናገር ነፃነትን ካልጠበቀ በቀር በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዳይፈጸም ይከለክላል። አዲስ አበባ ቢያሸንፉም ቻናሉ ያለበት ላይደርሱ ይችላሉ። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የስም ማጥፋት ክስ ይርጋ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዩቲዩብን መክሰስ አያዋጣም፤ ሕጉ ሰዎች በሚጭኑት ይዘት መድረኩን ተጠያቂ አያደርግም። ቪዲዮውን፣ ቀኑንና የተመልካቹን ብዛት የሚያሳይ ቅጂ ያስቀምጡ፣ ለባለቤቱ የእርማት ጥያቄ በጽሑፍ ይላኩ፣ የዚያን ግዛት ጠበቃ ያነጋግሩ። አንድ የሚወስነው ነገር እርስዎ በሕግ ዓይን ምን ዓይነት ሰው መሆንዎ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 በሳሊቫን መዝገብ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ ባለሥልጣን፣ በኋላም ታዋቂ ሰው፣ ለማሸነፍ ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ግድ ሳይሰጠው መናገሩን ማስረዳት አለበት። ተራ ሰው ግን በአብዛኛው ቸልተኝነትን ማስረዳት ይበቃዋል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ሆነው በአደባባይ ሲከራከሩ ከቆዩ ፍርድ ቤቱ ወደ ታዋቂ ሰው ወገን ሊያስጠጋዎት ይችላልና ይህን ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ በግብራችን የሚተዳደር ሚዲያ የመንግሥትን ብቻ ያወራል። ሌላ አገር እንዴት ነው የሚሠራው? (ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ እንዲመራ ያዛል። መነሻው አለን፤ አሠራሩን ከጀርመን ብናይ እንማራለን። ጀርመኖች በናዚ ዘመን ሬዲዮ የመንግሥት አፍ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ ስላዩ ገንዘቡንም ሹመቱንም ከመንግሥት እጅ ለማራቅ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1961 መራሄ መንግሥት አደናወር የፌዴራል መንግሥት ቴሌቪዥን ሊያቋቁሙ ሲሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከለከላቸው። ገንዘቡ ከበጀት አይመጣም፤ እያንዳንዱ ቤት በወር የሚከፍለው 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ነው። ስንት እንደሚያስፈልግ የሚያሰላውም ራሱን የቻለ የባለሙያዎች ኮሚሽን ነው። እንዲያም ሆኖ ፖለቲከኞች በአስተዳደር ጉባኤው በኩል ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍርድ ቤቱ ዜድዲኤፍ በተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጉባኤ ውስጥ የመንግሥትና ለመንግሥት የቀረቡ አባላት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጡ ወሰነ፤ ጉባኤውም ከ77 አባላት ወደ 60 ዝቅ አለ። የቀሩት መቀመጫዎች የአብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የስፖርት፣ የአካባቢ ጥበቃና የመሳሰሉት ናቸው።

እዚያም ክፍያው በዛ፣ ጣቢያዎቹም ወገንተኛ ናቸው የሚል ቅሬታ ሞልቷል፤ ፍጹም ሥርዓት አልተገኘም። ግን የሚያማርረው ዜጋ ማን እንደሾመ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ የት እንደሚከሰስ ያውቃል። የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የሚጠይቁት ሰው አለዎት፤ የምርጫ ክልልዎን ተወካይ። በምርጫ ወቅት ለየፓርቲው የተሰጠውን የአየር ሰዓት በደቂቃ፣ የቦርዱን አባላት ስምና የአመራረጥ መንገዳቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የከተማችንን ወሬ የምጽፍበት 12,000 ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ አለኝ። የጥላቻ ንግግር አዋጁ ያሰጋኛል። እንዴት ልጠንቀቅ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ስጋትዎ መሠረት አለው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ወደ ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር ከፍ ይላል። እርስዎ በዚህ ውስጥ ነዎት። ሕጉ የሐሰትን ትርጉም አስፍቶታል ብለን እናምናለን፤ ለትችት መዝጊያ ሊውል ይችላል። ግን አንድ በር ትቷል፤ ጸሐፊው የመረጃውን እውነተኛነት ለማረጋገጥ በሁኔታው የሚጠበቅበትን ጥረት ካደረገ፣ ወይም ጽሑፉ ከዜናነት ይልቅ የፖለቲካ አስተያየትና ትችት ከሆነ አይጠየቅም።

ስለዚህ ጥረትዎ በወረቀት ይኑር። ለእያንዳንዱ አከራካሪ ዜና በደብተር ወይም በስልክዎ ማስታወሻ ላይ አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ማን ነገረኝ፣ በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ፣ ለሁለተኛ ማረጋገጫ ማንን በስንት ሰዓት ደወልኩ፣ ምን አሉ። ስሙ መሸሸግ ያለበትን ሰው እውነተኛ ስም እዚያው አይጻፉ፤ ስልክዎ ቢያዝ የሚጎዳው እሱ ነውና ለእርስዎ ብቻ በሚገባ ምልክት ይተኩት። ዜናና አስተያየትን በአንድ ልጥፍ አያቀላቅሉ፤ አስተያየትዎን ለብቻው ይለጥፉና አስተያየት መሆኑን ከላይ ይጻፉበት። የሟች ቁጥርና የብሔር ስም ባለበት ዜና ላይ ሁለተኛው ምንጭ እስኪመልስ ይጠብቁ፤ ሌላ ገጽ ቢቀድምዎት ግድ የለም። ከተሳሳቱ ልጥፉን ከማጥፋትዎ በፊት እርማቱን ይለጥፉ፣ ከላይም ይስኩት፤ የተለጠፈበትን ሰዓት የሚያሳይ ስክሪንሾትም ከማስታወሻዎ ጋር ያኑሩ።